ለቦክሲዋ የታረደ በግ

መኪና ሲገዛ ቀለም የሚያይ ሰው፣ ሚስት ሲያጭ ቀሚሷን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ነው። ይህን የምለው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ አርባ ዓመት ስኖር ብዙ ሞኝ አይቼ ነው። ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ድንበሩ ላይ ወዳለችው ገላባት የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ወገቡን ሲያመው መሪውን እኔ ያዝኩለት። ሰው ጉድ አለ፤ ይበል። ፊደል አልቆጠርኩም፣ የመኪና ወረቀት ቢሰጡኝ ዘቅዝቄ ነው የምይዘው። ፔዳሉን ግን አሳዩኝ። ላስቲኩ ተበልቶ ብረቱ ከወጣ፣ ቆጣሪው ትንሽ ነው የሄደችው ቢልም ውሸቱን ነው። ሞተሩን ደግሞ ሳይነሣ ንኩት። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ፣ ጠዋት ጠዋት አልነሣም የምትል መኪና ናት።

ስለ መንዳትም ልናገር። ዝናብ የጠጣ ዋልካ ላይ ከገባህ አትቁም፣ መሪ አትጠምዝዝ፣ የቀደመህን ጎማ ፋና ይዘህ ቀስ ብለህ ውጣ። ጥሩምባ የሚያበዛ ሹፌር ፍሬኑን አያምንም።

የእህቴ ልጅ እስማኤል ይህን ሁሉ ከእኔ እየሰማ ነው ያደገ። ሀዋታ፣ ሰሊጥ እርሻ ላይ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሲያርምና ሲያጭድ ኖሮ ያጠራቀማትን ይዞ ቦክሲ ሊገዛ ተነሣ። ቦክሲ የምንለው ኋላው ክፍት የሆነውን ፒክአፕ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ከገዳሪፍ ሀዋታ ሠራተኛ ማመላለስ ከጀመረ ከአረም ይገላገላል። መኪናዋ ካልሆነችለት ግን ሌላ ገንዘብ የለውም፤ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት ጎንበስ ነው።

እዚህ አገር መኪና የገዛ ሰው ከራማ ያወጣል። በግ ያርዳል፣ ደሙን ጎማው ላይ ይቀባል፣ ጎረቤት ጠርቶ ያበላል። ምስጋና ነውና ከገዙ በኋላ ነው የሚሆነው። እስማኤል ግን ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ ሰው ይመጣል ብሎ፣ ሻጩ ሙዳሲር መኪናዋን በጠዋት እንዳመጣት በጉን አጋደመው። ገና አልከፈለም። ለእኔም አላሳየኝም። ስደርስ ነጭ ቦክሲ ደጁ ላይ ቆማለች፣ አራቱም ጎማዋ ደም ተቀብቷል፣ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ሥጋውን ይጠብቃሉ።

«አክስቴ፣ እንዴት ናት?» አለኝ፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ።

«በደንብ ታጥባ መጥታለች» አልኩት።

ሙዳሲር ገላባት ሲነግድ አማርኛ የለመደ ሱዳናዊ ነው። «ሐጃ፣ ይህች እኮ ሙሽራ ናት» አለ።

«ሐጃ አትበለኝ፣ መካን አልረገጥኩም። ሙሽራ ከሆነች ደግሞ ተሸፋፍና ነው የመጣችው፤ እስቲ እንግለጣት።»

ጋቢና ገባሁ። ሽቶ ረጭተውባታል። ወንበሩ አዲስ ልብስ ለብሷል። ፔዳሉ ደህና ነው፤ ሞተሯም ስትነሣ አላስነጠሳትም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለችኝ። ከዚያ የወንበሩን ቀበቶ ያዝኩ። እዚህ አገር ቀበቶ የሚያስር የለም፣ ስለዚህ የሚያጥበውም የለም። ሳብኩት፣ ሳብኩት፣ እስከ ሥሩ። መጨረሻው ላይ ክንድ ያህል ጥቁር ጭቃ ደርቆበታል። የእግሩን ምንጣፍ ገለጥኩ፤ ከሥሩም ያው ጭቃ።

«ሙዳሲር፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ዝናብ ገብቶባት ይሆናል፣ ሐጃ።»

«ዝናብ ከላይ ነው የሚመጣ። ይህች ወንዝ ጠጥታለች። ዛሬ ትነሣለች፤ ክረምቱ አጋማሽ ላይ ግን ሽቦዋ ዝጎ፣ ሃያ ሰው እንደጫነች ዋልካ መሐል ትተኛለች።»

«ወላሂ፣ እኔም ሳላውቅ ነው የገዛኋት።»

«እንግዲህ አሁን ዐወቅህ።»

እስማኤል ክንዴን ይዞ ወደ አጥሩ ወሰደኝ። «አክስቴ፣ ቀስ በይ። በጉ ታርዷል። ደሙ ጎማዋ ላይ ነው። ሰው ምን ይለኛል?»

«ችኩል ይልሃል። እውነቱን ነው።»

«ብመልሳት መሳቂያ እሆናለሁ።»

«አንድ ጁምዓ ቢሳቅብህ ይሻልሃል ወይስ ክረምቱን ሙሉ ስትገፋት? አንተ ዕወቅ። እኔ አልገዛልህም፣ እኔም አልመልስልህም።»

የተቀመጡት ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ያዩናል። ምላሴ ላይ ስድብ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ልጁ የሚያስበው አረም ላይ የሚጎብጠውን ወገቡን ነው።

ከዚያ ሄዶ ቁልፉን ሙዳሲር መዳፍ ላይ አኖረው። ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«መኪናዋን አልገዛሁም። ወንዝ የገባች ናት። ከራማው ከእሷ ስለተረፍኩ ነው። ብሉ።»

ከራማ እኮ ከአደጋ ለተረፈም ይወጣል። አንድ ሽማግሌ «አልሐምዱሊላህ» ብለው እጃቸውን ወደ ትሪው ሰደዱ። ከጎናቸው ያለው ሳቀ። «እኔም ያቺን ሞተር ሳይክል ስገዛ እንዲህ ያለች ክፉ አክስት በነበረችኝ» አለ። ሙዳሲር ሊሄድ ሲነሣ እስማኤል ራሱ ጎትቶ አስቀመጠው፤ ሰው ሥጋ እየሸተተው አይሸኝም። በላ። አፍሮ ነበር፣ ግን በደንብ ነው የበላ።

ሰው ሲበተን እስማኤል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በማግስቱ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሀዋታ ሊመለስ ነው። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«አረሙ ሲያልቅ እመጣለሁ» አለኝ። «አብረን እንፈልጋለን።»

«ብቻህንማ አልልክህም» አልኩት።