ያልተለኩት ሴንሰሮች

ሮበሌ፣ ሀይሌ ጋርመንት ከሚባለው ሰፈር አለፍ ብሎ ባለችው ሱቁ፣ የኤሌክትሪክ ስኩተር መጠገን ከጀመረ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲሠራ ኖሯል። እጁ የታመነ ነው፤ መታመኑንም ያውቃል። ጥፋቱ የመጣውም ከዚሁ ነው።

ፌኔት ባለ ሦስት ጎማ የኤሌክትሪክ ሞተሯን ያመጣችለት ክረምቱ እንደገባ ነበር። ፖሊዮ በልጅነቷ ግራ እግሯን ስላሰለላት፣ ለቡ መብራት ኃይል ካለው ቤቷ ልብስ ወደምትሰፋበት ቤት የምትመላለሰው በዚያች ነው። ሮበሌ የኋላውን ጎማ ፈታ። ውስጡ፣ ማግኔቶቹ ሲያልፉ እየተከታተሉ ጎማው የት እንደደረሰ የሚያሳውቁ፣ ምስር የሚያካክሉ ሦስት ሴንሰሮች አሉ፤ አንዷ ተቃጥላለች። ሦስቱንም አውጥቶ ከመርካቶ በከረጢት ካመጣቸው ሦስት በየደ። ሦስት እግር፣ ያው መጠን፣ ያው ጥቁረት። ጽሑፋቸው ተፍቆ ስለነበር ምን ዓይነት እንደሆኑ ማንበብ አይቻልም። መለካት ግን ይቻል ነበር፤ አልለካም።

ሞተሯ ስትሞከር ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠች እንጂ አልሄደችም። ተራ የሚጠብቁ አራት አምስት ሰዎች ዞረው አዩት።

«ጎርፍ ውስጥ ነድተሻታል አይደል?» አላት።

«ኧረ እኔ ጋሽ ሮበሌ፣ ዝናብ ሲጥል አላወጣትም።»

«ውሃ ያልገባው ሞተር እንዲህ አይሆንም። ንብረት መያዝ አታውቁም፣ ከዚያ ባለሙያ ላይ ትመጣላችሁ።»

ፌኔት ክራንቿን ብብቷ ስር አድርጋ፣ ሞተሯን በጋሪ አስጭና ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ደንበኛ ያው ብልሽት ያለበት ስኩተር አመጣ። ሮበሌ ከዚያው ከረጢት ሦስት ሴንሰር አውጥቶ ገጠመ። ይኼም ተንቀጠቀጠ። ሰውየው ስኩተሩን ወሩን ሙሉ ሳሎን ውስጥ እንዳቆመው ነግሮታል።

ሮበሌ በምሳ ሰዓት ሱቁን ዘጋ። ከፌኔት ሞተር ካወጣቸው መሀል ደህና ከነበሩት አንዷን ፈልጎ አምስት ቮልት ሰጣትና በቴስተር እየለካ ማግኔት አስጠጋ። ቁጥሩ ከአምስት ባንዴ ዜሮ ገባ። ማግኔቱን ሲያርቀው እዚያው ቆየ፤ በሌላው ፊቱ ሲያስጠጋው አምስት ተመለሰ። አዎ ወይም አይደለም ብቻ የምትል ናት። ከዚያ ከከረጢቱ አንዷን አዲስ ሞከረ። ሁለት ተኩል አለች። ማግኔቱ ሲቀርብ ሦስት፣ ሦስት ተኩል፣ አራት፤ ሲርቅ ቀስ እያለች ወደ ሁለት ተኩል። መልኳ እንጂ ሥራዋ ሌላ ነው። በዚች ዓይነት ያ ሞተር መቼም አይሄድም።

ልኬቱ ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሮበሌ ማንም ሳያየው ፊቱ ጋለ።

በማግስቱ ትክክለኛውን ዓይነት ገዝቶ፣ አንድ በአንድ የለካቸውን ሴንሰሮች ይዞ ለቡ ፌኔት ቤት ሄደ። የይቅርታውን ቃል ታክሲ ውስጥ ሲያሰናዳ መጥቶ፣ ፌኔት በሩን ስትከፍት ግን «እስቲ ሞተሯን ልያት ብዬ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። እሷም አሳየችው። ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ፈታ፣ በየደ፣ ገጠመ። ጎማው ያለ ድምፅ ተሽከረከረ።

«ውሃው ደርቆ ነው?» አለች ፌኔት።

አዎ ቢል በቃ፣ ያልቅ ነበር። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር።

«ውሃ አልነበረም» አለ መሬት መሬት እያየ። «የማይሆን ዓይነት ሴንሰር ገጥሜልሽ ነው። ሳልለካ። አንቺ ምንም አላደረግሽም።»



«ሞተሯን የገዛልኝ ወንድሜ ለሊሳ ነው» አለች ፌኔት። «እርስዎ ባለሙያ ስለሆኑ አመንኩዎት። ሳላውቅ ውሃ ውስጥ ገብቼ ይሆናል ብዬ፣ እኔው ነኝ ያበላሸኋት አልኩት። ከዚያ ወዲህ አኩርፎኛል፤ ስልኬን አያነሳም።»

ሮበሌ የራሱን ስልክ አወጣ። «ቁጥሩን ንገሪኝ።»

ለሊሳ ሞጆ ሥራ ላይ ነበር። ሮበሌ ማንነቱን ተናግሮ፣ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሱቅ ውስጥ በሰው ፊት ያላትን ጭምር ነገረው። ለሊሳ ሳያቋርጠው ሰማ።

«መለካት እየቻሉ ለምን አልለኩም?» አለው ሲጨርስ።

«የማውቅ መስሎኝ።»

«እህቴን ያቅርቡልኝ።»

ሮበሌ ስልኩን ሰጣትና ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። በኦሮምኛ ነበር የምታወራው፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ እያለቀሰች። ስልኩን መለሰችለት። ሞተሯ ላይ ወጥታ፣ ክራንቿን ከጎኗ አስራ፣ በሩን እንዲከፍትላት በእጇ አሳየችው። ከፈተላት። ሥራ ሳይረፍድባት ልትደርስ አስፋልቱን ይዛ ስትሄድ፣ ሮበሌ የግቢውን በር እንደያዘ ቀረ።