የጎሿና የዶሮዋ እርምጃ

ሱግያ በባሏ ቤት ስትኖር ለማለብ የለማዳዋን ጎሽ ጡት ነክታ አታውቅም። አማቷ ባታሲያ ከልክላታለች። ሱግያ ሙሽራ ሆና በገባች ሰሞን፣ ዝናቡ ሲያይል፣ ግቢው ጥግ ካለው የመብራት ምሰሶ የታሰረችው የምትታለበው ጎሽ ተዘርግታ ሞተች። አሮጊቷ ወዲያው «እግሯ ገፊ ነው» ብላ በሙሽራዋ አሳበበች።

«ኮረንቲ ነው፣ እማማ። ምሰሶው ላይ ያሰሯት እርስዎ ነዎት።»

«አገሩ ሁሉ እዚያው አይደል የሚያስረው? ኮረንቲ ከሆነ፣ አጠገቧ ጭቃ ስትጭር የነበረችው ዶሮ እንዴት ተረፈች? ኮረንቲ ዶሮ ይፈራል?»

ሱግያ እልኸኛ ስለሆነች ግን ነገሩን አልተወችውም። የመብራት ሽቦ ሊጠግን የመጣውን ሠራተኛ ሻምሹልን ስለ ዶሮዋ ጠየቀችው።

ሳቀና ጭቃውን በእግሩ ከመረው። «ኮረንቲ መሬት ሲገባ እንዲህ ጉብታ ይሆናል፣ እህቴ። ጫፉ ምሰሶው ሥር ነው፤ ስትርቂ ይወርዳል። የሚገድለው ዳገቱ ነው። የፊት እግር ከላይ፣ የኋላ እግር ከታች ከሆነ፣ ልዩነቱ በገላ ውስጥ ያልፋል። የዶሮ እግር ተጠጋግቶ ነው የሚቆመው፣ የጎሽ ግን ተራርቆ።»

ባታሲያ ይህን ስትሰማ «ሂጂ ለዶሮዋ ንገሪያት» አለች።

ዘንድሮ፣ በሞተችው ፋንታ የተገዛችው ጎሽ ኩሬ ወርዳ ሳለ፣ አሮጊቷ ገመዷን ልታነሳ ወደ ምሰሶው ሄደች። ነፋሱ ሽቦውን በጥሶ ከኋላዋ ጭቃው ላይ ጣለው። ኮረንቲው እግሯን ወጋት።

«ነይ ጎትቺኝ» አለች በረንዳው ላይ ለቆመችው ሱግያ እጇን ዘርግታ።

«አልመጣም። እንዳይራመዱ።»

«ልትገድይኝ ነው እንዴ?»

«እግርዎን ያጋጥሙ። ሳያነሱ፣ ሳያራርቁ፣ በጥቂት በጥቂቱ ወደኔ ያንሸራቱ።»

«እንደ ዶሮ?»

«እንደ ዶሮ፣ እማማ።»

ጎረቤት መብራቱ እንዲቆረጥ ስልክ ሲደውል፣ አሮጊቷ ጭቃውን በእግሯ እያሸች መጣች። በረንዳው ላይ ስትደርስ ሱግያ እጇን ይዛ ሳበቻት። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ከሽቦው ስርቅ ውጋቱ እየቀነሰ መጣ» አለች ባታሲያ። «እውነትም ዳገት አለው።»

መብራቱ ተቆርጦ ሽቦው ከተነሳ በኋላ፣ ሱግያ ገመዱን ከምሰሶው ፈታች። ማንጎው ሥር አዲስ ካስማ መታች፣ ጎሿን ከኩሬ አምጥታ አሰረች። ከዚያ ማንንም ሳትጠይቅ ባልዲውን አንስታ ለማለብ ተቀመጠች።

ባታሲያ የጎሿን ጥጃ ያዘችላት።