የሎርዊክ ሞልድ

ሎርዊክ የምትባል መኪና ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ አይግረማችሁ፤ እኔም እስከ ሎክዳውኑ ድረስ አላውቃትም ነበር። እንግሊዝ አገር ሦስት ጓደኛሞች አንድ ጋራዥ ውስጥ የጀመሩት ኩባንያ ሥራ ናት። የተሠራ መኪና አይሸጡም፤ ገዢው ቦዲውንና ዕቃውን ተቀብሎ ቤቱ ወስዶ ራሱ ይገጣጥማል። ሥራ የፈታ ፈረንጅ ካልሆነ ይህን ማን ይገዛል ብዬ ስቄያለሁ። በአራት ዓመት ሠላሳ ሰባት ቦዲ አውጥተው ከሰሩ።

ከሦስቱ በሕይወት የቀሩት ሚስተር ኮልማን ናቸው። ጆሃንስበርግ ከመጡ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። አባቴ አቶ ሽጉጤ ጻካኔ ሰፈር ላለው ሱቁ ዕቃ የሚያስቀምጥበትን የብራክፓን ስቶር ያከራዩት እሳቸው ናቸው። በፈረንጆቹ 2020፣ በኮሮናው ሎክዳውን፣ እሳቸው አረጋውያን መኖሪያ፣ እኔ ዮቪል ሰፈር ክፍሌ ውስጥ ተዘጋን። የአባቴን መልእክት ላደርስ ብደውል ወሬ ያዙኝ፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየደወልኩ የሎርዊክን ታሪክ መጻፍ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ድምፃቸው ተለወጠ። የእንግሊዙ ጋራዥ ድሮ ተቃጥሎ ነበር፤ ቦዲው ቅርጹን ይዞ የሚወጣበት አንድ ሞልድ ግን ተርፎ ከእሳቸው ጋር መጥቷል። ያለውም አባቴ ስቶር ውስጥ ነው፣ ከዱቄቱ ጀርባ።

«ከውጭ ሲያዩት ሸካራ ነው፣ ጠቁሯል» አሉኝ። «መኪናዋ ያለችው ውስጡ ነው። በሩ ሲከፈትልኝ አንዲት ሎርዊክ እናወጣበታለን። ሰማንያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሌላ የምጠብቀው ነገር የለም።»

ወዲያው ለአባቴ ቮይስ ላክሁለት። «አባዬ፣ ከዱቄቱ ጀርባ ያለው ነገር ሞልድ ነው። በጣም ሲሪየስ ነው፣ ማንም እንዳይነካው።»

ሐሙስ ጠዋት ደወለልኝ፣ ደስ ብሎት። «ሩሂዬ፣ ጌታ ይመስገን፣ ከዚያ ሞልድ ገላገልኩሽ። በግራይንደር ቆራርጬ በባኪ ፒክአፑ ጫንኩና ቆሻሻ መጣያ ደፋሁት። ስቶሩንም በበረኪና አጠብኩት።»

«ምኑን ነው የቆራረጥከው?»

«ሞልዱን ነዋ! ሻጋታ የወረሰውን።»

ያኔ ገባኝ። ልጅ ሳለሁ የተከራየነው ክፍል ግድግዳ ሻግቶ፣ በአስም ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ገብቻለሁ። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ጽፋ ለአባቴ የሰጠችው ቃል ሞልድ ነበር። በእንግሊዝኛ የመኪናው ቅርጽ ማውጫም፣ ሻጋታውም ሞልድ ነው፤ እሱ የሚያውቀው ያንን የሆስፒታሉን ብቻ ነው።

«የሰው ዕድሜ ነው የጣልከው» ብዬ ጮህኩበት።

«ላንቺ ፈርቼ እኮ ነው» አለ፣ ድምፁ እያነሰ። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በአባቴ ላይ ስልክ ዘግቼ አላውቅም። ቆሻሻ መጣያው ጋ ሰው ባስጠይቅ፣ ዶዘር ጨፍልቆት አፈር አልብሶታል ተባልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አማርኛው ሲጠፋኝ እንግሊዝኛውን የወረወርኩት እኔ ነኝ።

ለሚስተር ኮልማን ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በግራይንደር ነው ያልሽኝ?» አሉ።

«አዎ።»

«ፋይበር ግላስ እኮ ነው። ብናኙ ለሳንባ መርዝ ነው። ጓደኞቼ ሁለቱም በሳንባ በሽታ ነው የሞቱት። አባትሽ አፍንጫውን ሸፍኖ ነበር? አሁን እንዴት ነው፣ ያስለዋል?»

አላውቅም አልኳቸው። አልጠየቅሁትም ነበር።