ከዛፉ ሥር ያለው ማቆሚያ

የባለ ሦስት ፎቁን ሕንፃ ባለቤት ተከራዮቹ የሚጠሯቸው «ጋሽ ጥላ» እያሉ ነበር። ስሙን ያወጣላቸው መኪናቸው ነው። ግቢው ውስጥ ካሉት የመኪና ማቆሚያዎች ሁሉ ጥላ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ከጎን በር አጠገብ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር። እዚያ ቦታ ላይ ከእሳቸው አሮጌ ነጭ መኪና በቀር ሌላ አይቆምም። ማንም እንዳይጠጋባቸው ግራና ቀኙን በትልልቅ የሸክላ አበባ ማስቀመጫዎች አጥረውታል። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ሳያውቅ አቁሞበት፣ ጋሽ ጥላ ሰውዬው ገበያውን ጨርሶ እስኪወጣ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ሞተር ሳያጠፉ ጠበቁት ይባላል። አልተቆጡትም፤ ዝም ብለው ማየት ብቻ። ሰውዬው ግን ዳግመኛ ወደዚያ ሕንፃ አልመጣም።

የሕንፃውን ሒሳብ የምትይዘው ሴት ልጃቸው ናት። በልጅነቷ ከረሜላ ስታካፍል እንኳ የአንዱ ወንድሟ ድርሻ ከሌላው እንዳይበልጥ ስለምትጨነቅ አባቷ «ሚዛኔ» ይሏት ነበር። አድጋም፣ አግብታም፣ ወልዳም ሚዛን እንደተባለች ቀረች። ቢሮዋ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቷ ማቆሚያውን ቁልቁል ስለሚያይ ግቢው ውስጥ የሚሆነው ነገር አያመልጣትም።

አንድ ረፋድ ላይ ያየችው ግን ምነው ባላየሁት የሚያሰኝ ነበር። ምድር ቤት ካለው መድኃኒት ቤት የሚገለገሉ አንዲት መምህርት አሉ። የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው፤ መኪናቸውን ግን በእጅ ብቻ እንዲነዳ አሠርተው ራሳቸው ይነዳሉ። የግቢው መሬት ከመንገዱ ወደ ሕንፃው ያዘቀዝቃል፤ ዋናው በር ፊት ለፊት ደግሞ የውሃ መውረጃ ቦይና ሁለት ደረጃ አለ። ስለዚህ መምህርቷ በመጡ ቁጥር ሁለት ጥበቃዎች ከነዊልቸራቸው ተሸክመው ነበር የሚያስገቧቸው። የዚያን ዕለት ዝናብ ጥሎ ስለነበር አንደኛውን ጥበቃ አዳለጠው። ዊልቸሩ ዘመመ። መምህርቷ ለጥቂት ተረፉ እንጂ ቦርሳቸው ተገልብጦ ዕቃቸው ሁሉ ቦዩ ውስጥ ገባ። ሰው ግር ብሎ መጣ፤ «እኔን! እኔን!» የሚለው በዛ።

«እኔን አትበሉ» አሉ መምህርቷ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ። «ጆንያ አይደለሁም በሸክም የምገባው። መንገድ አብጁልኝና በራሴ ልግባ!»

ከሰዓት በኋላ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ወደ ሚዛን ቢሮ ወጣ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«እህቴ፣ እኔ ጠብ አልወድም» አላት፣ ወንበር ስትስብለት ሳይቀመጥ። «የማገለግለው ግን ጤነኛ ሰው አይደለም። በክራንች የሚመጣ አለ፣ እርጉዝ አለች፣ ሽማግሌ አለ። በሬ ላይ ደርሰው የሚቸገሩ ከሆነ ምኑን መድኃኒት ቤት ሆንኩት? ውሌ ሲያልቅ ሌላ ቦታ ልፈልግ ነው። ጋሼን ስለማከብር ቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ሚዛን የሳበችውን ወንበር መልሳ አስጠጋች። ልክ ነበራ! ደግሞም መድኃኒት ቤቱ ከሄደ ገበያው አብሮት እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ጥርስ ሐኪሙም፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩም የሚኖሩት መድኃኒት ሊገዛ በመጣ ሰው ነው። የዓመቱን በጀት ደግሞ አባቷ ገና አላጸደቁትም። በማግስቱ መሐንዲስ ጠራች።

መሐንዲሱ ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። ግቢውን እያፏጨ ሲለካ ዋለ። ግምቱን ይዞ ሲመጣ ግን ፉጨቱ ጠፍቶ ነበር። መሬቱ ተቆፍሮ ይስተካከላል፤ ቦዩ ይዛወራል፤ ደረጃው ፈርሶ ዊልቸር የሚወጣበት ራምፕ ይሠራል፤ ሰፋፊ ማቆሚያዎች ከነምልክታቸው ይቀባሉ። ሚዛን ድምሩን ስታይ አላምን ብላ ደግማ ደመረችው። አባቷ ዘንድሮ የሕንፃውን ፊት ቀለም ለማስቀባት ያስቀመጡት ገንዘብ ነበር፤ እሱ ሁሉ ቢጨመር እንኳ ግማሹን አይሸፍንም።

«ለጊዜው ቀለም ብቻ ቀብተን ምልክት ብናቆምስ?» አለችው።

«ቁልቁለት ላይ? ዊልቸር እኮ ማንበብ አይችልም፣ እህቴ። ሴትዮዋ የመኪናቸውን በር ከፍተው ሲወርዱ በቀጥታ ወደ ቦዩ ነው የሚንከባለሉት።» ራሱን ነቀነቀ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ሕንፃው ሲሠራ ታስቦበት ቢሆን ይሄ ሁሉ ወጪ አይመጣም ነበር።»

ቅር ብሎት ወረደ። መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ግን ቆም አለና ወደ ትልቁ ዛፍ ተመለከተ። ጋሽ ጥላ ለጉዳይ ወጥተው ስለነበር ቦታቸው ባዶ ነው። መሐንዲሱ ውሃ ልኩን ከቦርሳው አውጥቶ መሬቱ ላይ አስቀመጠ፤ ተንበረከከ፤ ትንሽ አለፍ አድርጎ ደግሞ አስቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ መስኮቷ ላይ የቆመችውን ሚዛንን ጮሆ ጠራት።

«ሜዳ ነው! ነይ ውረጂ!»

ወርዳ አየችው። ግቢው ሁሉ ሲያዘቀዝቅ ያቺ ጥግ ብቻ ለጥ ያለች ናት። የጎን በሩም ጠባብ ሆኖና በማስቀመጫዎቹ ተዘግቶ ለዊልቸር አልሆን አለ እንጂ ደረጃ የለውም፤ በቀጥታ መድኃኒት ቤቱ ወዳለበት ኮሪደር ያስገባል። የአበባ ማስቀመጫዎቹ ከተነሱ ሁለት ሰፋፊ ማቆሚያና በመካከላቸው ለዊልቸር የሚበቃ መተላለፊያ ይወጣዋል። የሚቀረው በሩን ማስፋት፣ ኮንክሪት ማንጠፍና ቀለም ነው። መሐንዲሱ እዚያው የመኪናው ኮፈን ላይ ደምሮ አሳያት፤ ከመጀመሪያው ግምት ሲሶውን እንኳ አይሞላም። የሕንፃው የቀለም ገንዘብ ሳይነካ ከጥገናው በጀት ብቻ ይወጣል።

ሚዛን ልትስቅ ምንም አልቀራት። ከዚያ ነጩ መኪና ትዝ አላት።

«አንድ ችግር ብቻ ነው ያለው» አለ መሐንዲሱ፣ እሱም ትዝ ብሎት። «ለጋሼ ማን ይነግራቸዋል?»

«አንተ ንገራቸው።»

«እኔ የልጆች አባት ነኝ» አለና መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

የጋሽ ጥላ ቢሮ ከጎን በሩ አጠገብ ነው። ሚዛን ነገሩን ከመምህርቷ ጀምራ፣ በመድኃኒት ቤቱ አድርጋ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄዳ ነገረቻቸው። ዛፉ ጋ ስትደርስ ፊታቸው ተለወጠ።

«ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው?»

«ሌላው ቁልቁለት ነው፣ አባዬ።»

«ቆፍሩታ!»

«በምን ገንዘብ?»

«የቀለሙን ውሰዱት።»

ሚዛን ደነገጠች። ስለዚያ ቀለም ስንት ዓመት ሙሉ ሲያወሩ ኖረዋል! «እሱም አይበቃም» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያው ተበደሪ! ከዚያች ቦታ ግን ወይ ፍንክች!»

ብድርን እንደ ተስቦ የሚሸሹት አባቷ ናቸው ተበደሪ ያሏት። ሚዛን ወጣች፤ ያሳሰባት ቁጣቸው አልነበረም፤ ነገራቸው አልገጥም ብሏት ነው። ግትርነታቸውን ታውቀዋለች፤ ይሄ ግን ግትርነት ሳይሆን ፍርሃት ፍርሃት የሚል ነው። ከሥራ ስትወጣ አባቷ ቤት ሳይገቡ ቀድማ እናቷ ጋ ሄደች።

እናቷ የታጠበ ልብስ እያጠፉ ነበር። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምተው አንዱን ሸሚዝ ሦስት ጊዜ ፈትተው አጠፉት።

«እማዬ፣ የምታውቂው ነገር አለ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሆድ ይፍጀው ተብዬ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ።»

«ማን አለሽ?»

እናትየው ሸሚዙን አስቀመጡ። «ነገ ማልደሽ፣ ሰው ሳይገባ ሂጂና በዓይንሽ እዪ። እኔ አልነገርኩሽም።»

በማግስቱ ሚዛን ጥበቃዎቹ በሩን ሲከፍቱ ገባች። መስኮቷ ጋ ቆማ ጠበቀች። ነጩ መኪና መጥቶ ከዛፉ ሥር ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ የሚወርድ ሰው ግን የለም። ቆየት ብሎ ግራ እግራቸው ብቅ አለ፤ በሁለት እጃቸው አንስተው ነበር ያወጡት። ከዚያ የመጀመሪያውን የአበባ ማስቀመጫ ጠርዝ ጨብጠው ቆሙ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ፣ ያንን ይዘው ደግሞ ወደ ሦስተኛው። ስንት ዓመት ሰው ሁሉ አጥር ነው ያለው ምርኩዛቸው ኖሯል።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። አባቷ ከመጨረሻው ማስቀመጫ ላይ ተደግፈው ግንባራቸውን ሲጠርጉ ደረሰች። አዩዋትና ቀጥ ለማለት ሞከሩ።

«በጠዋቱ ምን እግር ጣለሽ?»

«የእኔስ እግር ደህና ነው» አለችና ትከሻዋን ሰጠቻቸው። መጀመሪያ እምቢ ሊሉ ቃጣቸው። ከዚያ ክንዳቸውን ጣሉባት። ክብደታቸው ሲያርፍባት ምን ያህል ሲሰቃዩ እንደኖሩ ገባት። ወደ መኪናው መልሳ አስቀመጠቻቸውና እሷም ዞራ ከጎናቸው ገባች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቢሮዬን ወደ ምድር ቤት ካወረድኩበት ጊዜ ጀምሮ።»

«ለተከራይ ልቅረብ ብለህ አልነበር?»

«ደረጃው እምቢ ብሎኝ ነው እንጂ ተከራይ ምን ያደርግልኛል?»

ሚዛን ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። እሳቸውም ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«አባቴ እንዲሁ በጉልበቱ ነው የጀመረው» አሉ። «አልጋ ላይ እንደተኛ ነው የሞተው። እኔም አንዴ ሐኪም ቤት ከገባሁ ቁርጤን የሚነግሩኝ መሰለኝ። ደግሞስ ሰው ምን ይላል? ጋሽ ጥላ አለቀለት ሲሉ ይታየኛል። ያቺን ቦታ ካጣሁ ከዳገቱ ላይ አቁሜ እያነከስኩ ስወርድ ግቢው ሁሉ ሊያየኝ ነው።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለህ ያሳደግኸን አንተ ነህ፣ አባዬ። ያውም መድኃኒት ቤት አከራይተህ!»

ጋሽ ጥላ ፍርስ ብለው ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ የትኛው የሳቅ የትኛው የሌላ እንደሆነ እሷም አልጠየቀች።

«ቦታህን ማን ሊወስድብህ ነው?» አለቻቸው፣ ሲረጋጉ። «እንዲህ ያለ ማቆሚያ እኮ የሚሠራው እንዳንተ ላለ ሰው ነው። ከአበባ አበባ እየዘለልክ እንደ ንብ ከምትሄድ እስከ በሩ ድረስ መደገፊያ ብረት አስደርግልሃለሁ።»

«ስሜ ይጻፍበታል?»

«አይጻፍም። የሚያስፈልገው ሰው ያቆምበታል።»

«ስመጣ ተይዞ ብጠብቅስ?»

«ሁለት ቦታ ነው። ደግሞ በዚህ ሰዓት ካንተ ሌላ ማን ይመጣል? ወፍ ብቻ!»

 ጋሽ ጥላ የመኪናውን ቁልፍ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። «በይ በጀቱን አምጪው፣ ልፈርም» አሉ። «እናትሽ ግን ነግራሽ ከሆነ አልለቃትም።»

«እሷማ ሆድ ይፍጀው ብላለች።»

የዚያኑ ሳምንት ሐኪም ዘንድ የወሰዷቸው ሚዛንና እናቷ ናቸው። ሐኪሟ የጉልበታቸውን ራጅ ብርሃን ላይ ይዛ አየችው። ጉልበቱ ውስጥ ያለው ልስልስ አጥንት አልቋል፤ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል፣ በየቀኑ የሚሠራ ነገር ነው አለች። አልጋ ላይ መቅረት የሚባል ነገር የለም። ጋሽ ጥላ ደግመው አስነገሯት። ሦስተኛ ጊዜ ሊጠይቁ ሲሉ እናትየው ክንዳቸውን ያዙ።

«ሰምተሃል፣ አንተ ሰውዬ! እኔም ልተንፍስ። ይሄን ምስጢር ይዤ ሆዴ ሊፈነዳ ነበር።»

ሥራው ሲጀመር ሚዛን መምህርቷን ደውላ ጠራቻቸው፤ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ቦታውን እንዲያዩ። መጥተው ለጊዜው በተነጠፈው ጣውላ ላይ ወዲህና ወዲያ ሄዱ። መተላለፊያው ጥሩ ነው አሉ። በሩ ግን ወደ ውጭ ሲከፈት ዊልቸሩን መልሶ ይገፋዋል፤ ወደ ጎን የሚንሸራተት ይሁን አሉ። መሐንዲሱ ጭንቅላቱን አከከና ሚዛንን አያት። እሷ መጠባበቂያ ብላ የያዘችው ገንዘብ ነበረና «ይቀየር» አለች፤ እንደዚያ ዓይነት ቃል ሳትጨነቅ ከአፏ ሲወጣ ደስ አላት።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ውሉን አደሰ። መምህርቷ በአዲሱ በር ብቻቸውን የገቡ ዕለት ማንም አላጨበጨበም፤ ተሰልፈው ተራ ጠበቁ፤ ወረፋው ረዘመ ብለውም ተቆጡ። ጋሽ ጥላ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለጊዜው ከዘራ ይዘው ነበር፤ ተከራዮቹ ከዘራውን አይተው «ያምርብዎታል» ከማለት በቀር ያሉት ነገር የለም። ኪራይ ያዘገየም አልነበረም።

ሚዛን ሒሳቡን ዘግታ በጊዜ ወደ ቤቷ የሄደችበት ቅዳሜ፣ ባሏ ከገበያ ሲመለስ ሶፋው ላይ ከነጫማዋ ተኝታ አገኛት። ፀሐይ ፊቷ ላይ አርፋ አልቀሰቀሰቻትም። ትንሿ ልጃቸው እናቷን ጎንበስ ብላ አይታ፣ «አሟት ነው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች።

«አላመማትም» አለ አባትየው መጋረጃውን እየሳበ፤ «በጀቷ ጸድቆ ነው።»