ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ አድራሻ

አለቃዬ ጀውሀር፣ ጅዳ ሩዋይስ ካለው ሱቁ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አምጥቶ መካ፣ ነካሳ እኔ የምሠራበት ኢንተርኔት ቤት ካስቀመጠው ቀን ጀምሮ አራት ቁጥር ኮምፒውተር ሰላም አጣ። በየደቂቃው «ይህን አድራሻ ሌላ ኮምፒውተር ይዞታል» የሚል ማስጠንቀቂያ ጥጉ ላይ ብቅ ይላል። ስዘጋው ይመለሳል፤ ደግሜ ስዘጋው ደግሞ ይመለሳል።

«ደንበኛ ያስደነግጣል፤ ኸላስ፣ በቃ አጥፋው!» አለኝ ጀውሀር።

እኔም አንገሽግሾኝ ስለነበር ማስጠንቀቂያው ጨርሶ እንዳይወጣ አደረግኩት። ሁለት ሳምንት በሰላም፣ በመስኮት ተራራውን እያየሁ በሐሳብ ስነጉድ ከረምኩ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሱአድ መጣች። ማዳሟ በወር አንዴ ለሁለት ሰዓት ትለቃታለች፤ ያን ቀን አገር ቤት ያሉ ዘመዶቿ ልጇን ከሚሴ ካለ ኢንተርኔት ቤት ወስደው ያስቀምጡላታል። ሌሎቹ ስለተያዙ አራት ቁጥር ላይ ተቀመጠች። የልጅቷ ግንባር ብቅ እንዳለ መስመሩ ተቆረጠ። ደግማ ደወለች፤ ተቆረጠ።

«ወላሂ፣ ፊቷን ሳላይ ሰዓቴ ሊያልቅ ነው! ምን ነክቶት ነው ወንድሜ?»

«ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ አድራሻ ይዘው ነው» አልኳት አፍሬ። «ኮምፒውተሩ ሲነግረኝ ነበር፤ አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«በአንድ ኢቃማ፣ በአንድ የመኖሪያ ፈቃድ ሁለት ሰው? ታዲያ አንዱን አታስወጣውም?»

አሮጌው ላይ ጀውሀር ራሱ ኳስ ያያል። አድራሻውን ልቀይር ብል እሺ እስኪለኝ የሱአድ ሰዓት ያልቃል። ሄጄ ገመዱን ነቀልኩት።

«አንተ! ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ እኮ ነው!»

«ይምታ» አልኩት።

ከኋላዬ ሱአድ ጮኸች፤ «ውይ፣ የፊት ጥርሷ ወልቋል!»