አሥራ ሁለት ኩባያ ሰናፍጭ

«ልጄ፣ ቅጠሉን እንዳትፈጪው!»

አያትየው የቤተ ሙከራውን በር በትከሻቸው ገፍተው ሲገቡ ድምፃቸው ቀድሟቸው ደረሰ። ሦስት ፎቅ በእግራቸው ነው የወጡት፤ ሊፍት የሚባል ነገር አያምኑም። ሻሻቸው ተንሸራቶ ማጅራታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

የልጅ ልጃቸው ነጭ ጋወን ለብሳ በረዶ በሞላው ሳህን ላይ አጎንብሳለች። በእጇ ያለው ሙቀጫ ገና ባዶ ነው።

«እማማ! ምን ሆኑ? ቤት ምን ተፈጠረ?»

«ቤቱስ ደህና ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።»

የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ወንበር ሳበላቸው። «እዚህ እየሮጠ የሚመጣ ሰው ወይ ፈተና የወደቀ ነው ወይ ቤቱ የተቃጠለበት» አለ።

«አንተ ደግሞ ቀልድ ይዘህ ትሞታለህ» አሉና ከቦርሳቸው የተጣጠፈ የማዳበሪያ ከረጢት አውጥተው ለልጅቷ ዘረጉላት። «አንብቢው።»

የቤተ ሙከራው የተክል ክፍል መብራት ከተበላሸ ወዲህ አሥራ ሁለቱ የሰናፍጭ ችግኞች በእሳቸው መኝታ ቤት መስኮት ሥር ነበር የሰነበቱት። በየፕላስቲክ ኩባያው ላይ «ሰልፌት የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ልጅቷ ለመስክ ሥራ አራት ቀን ስትሄድ፣ «ከዚህ ጠርሙስ ብቻ ያጠጡልኝ» ብላ አደራ ሰጠቻቸው፤ ምክንያቱን ግን አልነገረቻቸውም። ለጋዎቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ። ስድስት ልጅ ያሳደገ ሰው እንዲህ የገረጣ ነገር እያየ እንዴት ይተኛል? ከትናንት በስቲያ አንጀታቸው አልችል ብሎ ከጎረቤታቸው ከአትክልተኛው ነጭ ማዳበሪያ ለመኑ፣ በውሃ በጥብጠው አጠጡ። ልጅቷ ትናንት ማታ ደክሟት ገብታ፣ ዛሬ በጠዋት ኩባያዎቹን በካርቶን ይዛ ወጣች። ቅጠሎቹ ገና ቢጫ ስለነበሩ ምንም አልጠረጠረችም። አያትየው ከረጢቱን ሊመልሱ ሲያነሱት ነው ጽሑፉን ያዩት፤ «አሞኒየም ሰልፌት» ይላል።

ልጅቷ አንብባ ሙቀጫውን አስቀመጠች።

«እማማ፣ ተክሉ ድኝ ሲያጣ፣ ድኝ ያለበትን ሰልፌት ወደሚጠቅመው ነገር የሚለውጥለትን ኢንዛይም ያበዛል። ባክቴሪያም እንደዚያው ነው። ሰልፌት ሲያገኝ ደግሞ ባንድ ቀን ይቀንሰዋል። እኔ የምለካው የተራበውን ነበር።»

«አበላሁብሽ በይኛ።»

«አበሉብኝ።»

ቴክኒሻኑ ሰዓቱን አየ። «ውጤቱ እስከ ስድስት ሰዓት ካልገባ ለሚቀጥለው ትምህርት ያለሽ ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ግን ስምንት ያልተነካ ኩባያ ካለ ይበቃሻል።»

ልጅቷ ከአያቷ ፊት ተንበረከከች። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ሁሉንም አላጠጡም አይደል? የባሰባቸውን ብቻ ነው? ሦስቱን? አራቱን?»

አያትየው ኩባያዎቹን አዩ። ሁሉም ያው ቢጫ ናቸው። ማን ከማን ይለያል? ያን ቀን ቤት ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም። «አራቱን» የምትለው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሳለች፤ ብትወጣ ልጅቷ አሁኑኑ ተነስታ ትስቃለች። ይህችን ልጅ ከእንቅፋት ለመጠበቅ ስንቱን ዋሽተዋል! ለአስተማሪዋ ዋሽተዋል፣ ለአባቷ ሳይቀር ዋሽተዋል።

«እማማ፣ አራቱን ነው አይደል?» እጇ ወደ ሙቀጫው ተዘርግቷል።

«ከአራቱ በኋላ ምን ትጽፊያለሽ?»

«የቀሩት ስምንቱ ተርበው ነበር ብዬ ነዋ።»

አያትየው የተዘረጋውን እጅ ያዙ። እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

«ከተራበ መሀል ለይቼ ማጉረስ መቼ አውቅበታለሁ» አሉ። «አሥራ ሁለቱንም ነው ያጠጣሁት። አንዱንም አልዘለልኩም።»