የአጎት ዳኝነት

ባሌ መርዕድ የሟች ወንድሙን ልጅ አርያምን በመዳሩ ምን እንዳገኘ የማያውቅ ሐበሻ ካልጋሪ ውስጥ የለም። አርያም የጋሽ ወልዴን ልጅ ኪራኮስን ባገባች በወሩ፣ በበረዶ ትራክ ሲነዳ የኖረው ባሌ ዲስፓቸር፣ ማለት ትራክ አሰማሪ፣ ተብሎ ሙቅ ቢሮ ተቀመጠ። ትራኮቹ የጋሽ ወልዴ ናቸው። ኮራል ስፕሪንግስ የሚባል ሰፈር፣ ሐይቁ ዳር ያለው ቤታቸው በበዓል ቀን የንጉሥ ግቢ ይመስላል፤ እጅ የሚነሳው፣ ስጦታ ይዞ በር ላይ የሚጋፋው፣ እሳቸው ሲስቁ አብሮ የሚስቀው አይቆጠርም። "ልጅቷን ለሹመት ብለህ አትዳራት" ብዬ መርዕድን መክሬው ነበር። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ብሎ ሳቀብኝ።

ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ አርያም ኦግደን ሰፈር ያለው ቤታችን መጣች። ግራ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል። እኔ በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ስይዝላት፣ መርዕድ ኩሽናው በር ላይ ቆሞ አየ። ከዚያ ጃኬቱን ለብሶ ሥራ ሄደ።

ኪራኮስ "በረዶ አዳልጧት ነው" ብሎ አስወራ። ፖሊስ እንጥራ ብላት አርያም እምቢ አለች። "ኖ እትዬ፣ ፈርስት ጋሼ ያየውን ይናገርልኝ። እሱ ካላመነኝ ማን ያምነኛል?" ጋሼ የምትለው መርዕድን ነው፤ ከዚህ ሌላ የፈለገችው ነገር አልነበረም።

በእኛ ልማድ ልጅቷን ለጋብቻ ሊጠይቁ የተላኩት ሽማግሌዎች፣ ትዳሩ ሲናጋ የሚዳኙትም እነሱው ናቸው። ጋሽ ወልዴ ግን አንድ ነገር ጨመሩበት። "ሰብሳቢው የገዛ አጎቷ ይሁን፤ አድልተዋል እንዳንባል" አሉ። ሰው ሁሉ ጨዋነታቸውን አደነቀ። በዚያው ሳምንት ለመርዕድ የኦፕሬሽን ማናጀሩ ቦታ ክፍት መሆኑ ተነገረው። መርዕድም ሰብሳቢነቱን ተቀበለ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሽምግልናው ወደ ጋሽ ወልዴ ቤት ስንነዳ፣ ከዚያ ማለዳ ወዲህ እኛ ጋ የሰነበተችው አርያም ከኋላ ወንበር ወሬ ጀመረች። ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው የድሮ የእንግሊዝ መኳንንትን ታሪክ ነው።

"ጋሼ፣ ስለ አንድ ዱክ ልንገርህ። የእህቱ ልጅ ንጉሡን አገባች፤ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ላይክ፣ ፕሮሞት ተደረገ። በኋላ ንጉሡን ሰለቸችውና ክስ መሠረቱባት። ዳኞቹን ሊድ ያደረገው ማን ይመስልሃል? አጎቷ! ሞት የፈረደባት እሱ ነው።"

"አላዘነላትም?" አልኩ።

"አልቅሷል ይባላል። እያለቀሰ ፈረደባት።"

መርዕድ "ያ ፈረንጅ ነው" አለና ሬዲዮ ከፈተ።

ሳሎኑ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ጠበቁን። "እግርና እግርም ይጋጫል" ተባለ፤ ኪራኮስም መሬት መሬት እያየ ያንኑ የበረዶውን ወሬ ደገመ። ጋሽ ብሩህ የሚባሉት ሽማግሌ ግን አልተዋጠላቸውም። ወደ ባሌ ዞሩ።

"መርዕድ፣ የመጣችው አንተ ቤት ነው። ፊቷን አይተሃል?"

አርያም ቀና አለች። ጋሽ ወልዴ ሻያቸውን ማማሰል አቆሙ።

"አላየሁም" አለ መርዕድ። "ሥራ ላይ ነበርኩ።"

ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሳሁ። "ይዋሻል! በረዶ ስይዝላት አጠገቤ ቆሞ ነበር! ሁለታችንም አይተናል!"

ጋሽ ወልዴ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "መርዕድ፣ ባለቤትህ ደክሟታል፤ ቤት ውሰዳት" አሉ ረጋ ብለው። "ልጃችን አርያም ግን ቤቷ ናት፤ እሷ ትቀራለች።"

የተቃወመ አልነበረም። ጋሽ ብሩህ እንኳ ወደ ሻያቸው አቀረቀሩ።

ውጭው ብርድ ፊት ይቆርጣል። አርያም ቀድማን ወጥታ የኋላው ወንበር ላይ ቀበቶዋን አስራ ተቀምጣለች። መርዕድ ሞተሩን አስነሳ፤ መኪናው ግን አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ ወልዴ ከነልጃቸው በመስኮት ያዩናል።

"ውረጂ፣ የኔ ልጅ" አለ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር።

ለአፍታ ጠበቀች፤ የሚስቅ፣ ቀለድኩ የሚል መስሏት እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ቀበቶዋን ፈታች። ወርዳ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

እኔም ወረድኩ።

"ፀሐይነሽ! ሥራዬን ልታሳጪኝ ነው?" ብሎ ጮኸ።

"ሥራህን ያዝ" አልኩትና የአርያምን እጅ ያዝኩ። ጓንት አላደረገችም ነበር።